መድፍ እንዴት ይሠራ ነበር? ከቁስጥንጥንያ ቅጥር እስከ መቅደላና ዓድዋ

መድፍ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ረጅሙ ቱቦ ነው። የጦርነት ታሪክም ብዙ ጊዜ ቱቦውን ብቻ ይዞ ይተርካል፤ ስንት ቶን እንደሚመዝንና ምን ያህል ድንጋይ እንደሚወረውር ተነግሮ ያበቃል። መድፍ ድል ያመጣባቸውንም ያላመጣባቸውንም ውጊያዎች በቅርብ ለመረመረ ግን ፍርዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባሩዱ ደረቅ ነበር? አረሩ የቱቦው ልክ ነበር? መድፉን እዚያ የሚያደርስ መንገድና ከብት ነበር? የሚተኩሱት ሰዎች ምን ያህል ተለማምደዋል? ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ትልቁ ቱቦ ከተራ ብረት አይሻልም፤ ለራሱ ሰዎችም አደጋ ነው።

እዚህ በዋናነት የምናብራራው ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ በኩል የሚጎርሰውን ጥንታዊ መድፍ ነው። ይህ መድፍ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የጦር ሜዳ ጌታ ሆኖ ቆይቷል። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሩድ

ጥቁር ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። የተለመደው ልኩ በክብደት ከመቶው 75 እጅ ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። ከሰሉ ነዳጅ ነው። ናይትሬቱ በውስጡ ኦክስጅን ስለያዘ ባሩዱ አየር በማይገባበት ዝግ ቱቦ ውስጥም ይነዳል። ድኙ ደግሞ ድብልቁ በቶሎ እንዲያያዝ ያደርጋል።

በመጀመሪያው ዘመን ባሩድ እንደ ዱቄት የላመ ነበር። ይህ ዱቄት ሁለት ችግር ነበረበት። በጋሪ ሲጓዝ በመንገዱ ንዝረት ሦስቱ ነገሮች እንደየክብደታቸው ይለያዩ ስለነበር መድፈኞቹ ቦታው ሲደርሱ እንደገና ይደባልቁት ነበር። ቱቦ ውስጥ ሲጠቀጠቅም እሳቱ በመካከሉ የሚያልፍበት ክፍተት ስለማያገኝ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በኃይል ይነድ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባሩዱን እርጥብ አድርጎ በማቡካት፣ በማድረቅና ወደ ጥራጥሬ በመስበር ሁለቱም ችግሮች ተቃለሉ። በጥራጥሬዎቹ መካከል ባለው ክፍተት እሳቱ በአንድ ቅጽበት ይዳረሳል። ከዚያ በኋላ የጥራጥሬው መጠን ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆነ፤ ለጠመንጃ ደቃቁ፣ ለመድፍ ትልልቁ። ለጠመንጃ የተዘጋጀውን ደቃቅ ባሩድ በመድፍ ልክ ያጎረሰ ሰው ከባዱ አረር ገና ሳይንቀሳቀስ ግፊቱ ጣሪያ ስለሚነካ ቱቦውን ሊያፈነዳ ይችላል።

ሌላው ጠላቱ እርጥበት ነው። በእርጥብ አየር የተቀመጠ ባሩድ ወይ አይነሳም፣ ወይ በግማሽ ኃይሉ ይነሳና አረሩ ከግቡ በፊት ይወድቃል። ከተቃጠለው ባሩድ ከግማሽ የሚበልጠው ደግሞ ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጥላሸትና ጭስ ሆኖ ይቀራል። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ሜዳው በነጭ ጭስ ተሸፍኖ ዒላማ የሚጠፋውም፣ ቱቦው በየተኩሱ መጠረግ ያለበትም ለዚህ ነው።

ቱቦውን ማፍሰስ

የነሐስ መድፍ ከመቶው 90 እጅ ገደማ መዳብ፣ ቀሪው ቆርቆሮ ነው። አሠራሩ የሚጀምረው ከጭቃ ነው። ሾጠጥ ባለ ረጅም እንጨት ላይ ገመድ ይጠመጠምና በላዩ ጭቃ እየተለሰነ የመድፉ መልክ ይወጣል። መልኩ ሲደርቅ እንዳይጣበቅ ሰም ወይም ስብ ይቀባል። ከዚያ ከፋንድያና ከፀጉር ጋር የተቦካ ጭቃ በስስ በስሱ ይደረብበታል፤ እያንዳንዱ ድርብ ሳይደርቅ ቀጣዩ አይጨመርም። ውጭው በብረት ቀበቶ ይታሰራል። እንጨቱ ተመዝዞ፣ ገመዱ ተፈትቶ፣ የውስጡ ጭቃ ተሰብሮ ሲወጣ የመድፉ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በመካከሉ ጭቃ የተለበጠ የብረት ዘንግ ይቆማል፤ ዘንጉ የቆመበት ቦታ በኋላ የአረሩ መንገድ ይሆናል። በመጨረሻም ቅርጹ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ጉድጓድ ውስጥ ይቆምና ዙሪያው በአፈር ይጠቀጠቃል። የቀለጠው ነሐስ የሚፈስበት በዚህ ነው።

ሥራው የሚበላሽባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በጣም አደገኛው በጭቃው ውስጥ የቀረ እርጥበት ነው። ወደ ሺህ ዲግሪ የሚጠጋ ብረት ሲነካው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ቅርጹን ይበታትናል፤ ዙሪያውን የቆመውንም ያቃጥላል። የመካከሉ ዘንግ ጥቂት ካጋደለ የቱቦው አንዱ ጎን ስስ፣ ሌላው ወፍራም ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መድፍ ሲፈነዳ የሚፈነዳው በስሱ በኩል ነው። ምድጃው ለመድፉ የሚበቃ ብረት በአንድ ጊዜ ካላቀለጠ ደግሞ አፈሰሳው ተቋርጦ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች ከአፈሙዙ በላይ ትርፍ ብረት ያፈሱ የነበረው። የትርፉ ክብደት ታችኛውን ብረት አጥብቆ ይጫነዋል፣ አረፋውና ቆሻሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማሪትዝ የተባሉ የስዊስ ተወላጅ ባለሙያዎች መድፉን ድፍን አድርጎ አፍስሶ ከዚያ በማሽን መቦርቦርን አስፋፉ፤ የተጣመመ ዘንግ ችግር በዚህ ተወገደ።

ቀልጦ የተቀዳ ብረት ከነሐስ እጅግ ርካሽ ስለሆነ ለመርከብና ለምሽግ ተመራጭ ነበር። ልዩነቱ የሚታየው ሲሰበሩ ነው። ነሐስ ከመፈንዳቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ አስተዋይ መድፈኛ ምልክቱን አይቶ ያቆማል። ቀልጦ የተቀዳ ብረት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚበታተነው። ፍንዳታ የንጉሥን ነፍስ እንኳ አልማረም። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 2ኛ በ1460 የሮክስበርግን ምሽግ ከቦ ሳለ አጠገቡ የተተኮሰ የራሱ መድፍ ፈንድቶ ገድሎታል።

ከማጉረስ እስከ መተኮስ

አንድ ተኩስ ምን ምን እንደሚጠይቅ በተጨባጭ ለማየት የ1857ቱን ባለ 12 ፓውንድ የነሐስ መድፍ እንውሰድ። መነሻው የፈረንሳይ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች በሰፊው ተጠቅመውበታል። የቱቦው የውስጥ ስፋት 117 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ያለ ሠረገላው 550 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የድፍኑ አረር ክብደት 5.6 ኪሎ፣ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው ባሩድ 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ባሩዱ ተመዝኖ በሱፍ ጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶ ይመጣል፤ በውጊያ ግርግር መካከል በአካፋ እየሰፈሩ ማጉረስ አደገኛም አዝጋሚም ነበር።

ከተኩስ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መጥረግ ነው። ጫፉ ላይ የበግ ቆዳ ያለው ረጅም ዘንግ ውሃ ውስጥ ይነከርና እስከ ቱቦው መጨረሻ ይገባል፣ እዚያ ይሽከረከራል፣ ይወጣል። ዓላማው በውስጥ የቀረ የጨርቅ ፍም ካለ ማጥፋት ነው። በየጊዜው ደግሞ ጫፉ እንደ ጠመዝማዛ መንጠቆ በሆነ ሌላ ዘንግ የተቃጠለው ጨርቅ ርዝራዥ ተለቅሞ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላ የቆመ አንድ መድፈኛ አውራ ጣቱን በቆዳ ሸፍኖ ከላይ ያለችውን የእሳት ቀዳዳ ይደፍናል። ይህ ሰው ጣቱን ቢያነሳ መጥረጊያው ወይም መጎስጎሻው ሲገባና ሲወጣ በቀዳዳዋ አየር ይሳብና ፍሙን ያራግበዋል፤ አዲሱ ከረጢት ያለ ትእዛዝ ይነሳል። ያን ጊዜ አፈሙዙ ፊት ያለው ጎስጓሽ እጁን ወይም ሕይወቱን ያጣል። የመድፈኛ ሥልጠና ከሁሉ በላይ ጠበቅ ያለው በዚህች አንዲት ጣት ላይ መሆኑ ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

ቀጥሎ ከረጢቱ ይገባል፣ አረሩ ይከተላል፣ በመጎስጎሻው ተገፍተው መጨረሻው ድረስ ይደርሳሉ። አረሩ ባሩዱን መንካት አለበት። መንገድ ላይ ቀርቶ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ከተፈጠረ ጋዙ እየተምዘገዘገ ሄዶ አረሩን ሲመታ በዚያ ነጥብ ላይ ግፊቱ በድንገት ያሻቅባል፤ ቱቦውም እዚያው ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጎስጓሹ ወደ ጎን ቆሞ ነው የሚሠራው፤ አፈሙዙ ፊት ሰውነቱን አያስገባም።

ከዚያ በእሳት ቀዳዳዋ ቀጭን ሽቦ ገብቶ ከረጢቱን ይበሳል፣ መለኮሻው ይገባል። በጥንቱ ዘመን መለኮሻው ደቃቅ ባሩድና ቀስ ብሎ የሚነድ ክር ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በገመድ ሲሳብ በሰበቃ እሳት የሚፈጥር ትንሽ ቱቦ ተተካ። አነጣጣሪው ከኋላ ያለውን ጠመዝማዛ ብሎን (ከዚያ በፊት ሽብልቅ ነበር) እያዞረ አፈሙዙን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሁሉም ከመንኮራኩሮቹ መንገድ ይወጣል፤ ምክንያቱም መድፉ ሲተኮስ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይንደረደራል። ከተኩሱ በኋላ በትከሻ ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለስና ማነጣጠሩ ከዜሮ ይጀመራል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰው ያለው የሠለጠነ ቡድን በደቂቃ ሁለት ጊዜ አነጣጥሮ ይተኩሳል።

አረሩ ምን ያደርጋል?

ድፍኑ አረር አይፈነዳም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከመንጠሩ ነው። ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ሲያርፍ እየነጠረ፣ በሰው ቁመት ውስጥ እየተመላለሰ፣ በሰልፍ የቆመን ሠራዊት ይበጥሳል። ስለዚህ ጥሩ የመድፍ ቦታ ማለት በጣም ከፍ ያለ ተራራ ሳይሆን ፊቱ ረጋ ብሎ የሚወርድ ዝቅተኛ ኮረብታ ነው። ከገደል አፋፍ ቁልቁል የተተኮሰ አረር ወድቆ እዚያው ይቀበራል። ጭቃም እንዲሁ ነው፤ በ1815 በዋተርሎ ናፖሊዮን ውጊያውን እስከ ረፋዱ ካዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ ሌሊቱን የዘነበበት መሬት መድፍ ለመሳብም ሆነ አረር ለማንጠር የማይመች መሆኑ ነው።

ከላይ ያነሳነው መድፍ በ5 ዲግሪ ከፍታ 1,480 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ጠላት ወደ 300 ሜትር ሲቀርብ አረሩ ይለወጣል፤ 27 ትንንሽ የብረት እንክብሎች የታጨቁበት ቆርቆሮ ይጎርሳል። ቆርቆሮው ከአፈሙዙ ሲወጣ ይቀደድና እንክብሎቹ ይበተናሉ። እግረኛ ጦር ፊት ለፊት ወደ መድፍ ሮጦ ብዙ ሰው የሚያልቅበት ይህ የመጨረሻው ርቀት ነው። በውስጡ ባሩድ ያለበት ፈንጂ አረርም ነበር፤ ፈቲሉ ከአየር ጉዞው ጋር ካልተመጣጠነ ግን ወይ ሰማይ ላይ ይፈነዳል፣ ወይ መሬት ከተቀበረ በኋላ።

ክብ አረር ከቱቦው ስፋት ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያንሳል፤ ጥላሸት በሞላበት ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ የግድ ነው። በክፍተቱ ግን ጋዝ ያመልጣል፣ አረሩም ግራና ቀኝ እየተላተመ ስለሚወጣ የመጨረሻው ግጭት ወደ መራው ይሄዳል። ክብ አረር ለሚተኩስ መድፍ የዒላማ ጉድለት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ቁስጥንጥንያ፣ 1453

የሃንጋሪው መድፍ አፍሳሽ ኦርባን መጀመሪያ ሙያውን ያቀረበው ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 11ኛ ነበር። ንጉሡ የሚከፍለው ስላልነበረው ኦርባን ወደ ኦቶማኑ ዳግማዊ ሱልጣን መሐመድ ሄደ። በኤዲርኔ ያፈሰሰው ትልቁ መድፍ ስምንት ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ የሚወረውረው ድንጋይም ከ500 ኪሎ በላይ ይመዝን እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ወደ ከተማዋ ለመጎተት 60 በሬና 200 ሰው ተመድቦለት፣ ፊት ፊቱ መንገድ የሚጠርጉና ድልድይ የሚያጠናክሩ ሠራተኞች እየሄዱ፣ በቀን የሚጓዘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

ይህ መድፍ በቀን የሚተኩሰው ሰባት ጊዜ ያህል ነው። ከየተኩሱ በኋላ ብረቱ በድንገት ቀዝቅዞ እንዳይሰነጠቅ ዘይት ይፈስበት ነበር። በሁለት ተኩስ መካከል ያለው ረጅም ጊዜ ለተከበቡት ተረፋቸው፤ ሌሊት ሌሊት ፍርስራሹን በግንድ፣ በአፈርና በበርሜል እየሞሉ ቀኑን ይጠብቁ ነበር። አፈር ደግሞ ከድንጋይ ቅጥር ይልቅ አረር ይውጣል። ከበባው ከሚያዝያ 6 እስከ ግንቦት 29 እንደ ፈረንጆቹ ወር ፈጅቷል። ከተማዋን ያስያዙት ትልቁ መድፍ ብቻ አልነበረም፤ ትንንሾቹ መድፎች ያለ ማቋረጥ መተኮሳቸው፣ በየብስ ተጎትተው ወደ ወደቡ የገቡት መርከቦችና የመጨረሻው የእግረኛ ጥቃት አንድ ላይ ናቸው።

አውሮፓ ከዚህ ትምህርት ወሰደ ማለት ይቻላል። በ1494 የፈረንሳዩ ቻርልስ 8ኛ ወደ ኢጣሊያ ሲዘምት ግዙፍ ድንጋይ ወርዋሪ አልያዘም። የያዘው የብረት አረር የሚተኩሱ፣ በፈረስ የሚሳቡና ከእግረኛው እኩል የሚጓዙ መካከለኛ የነሐስ መድፎች ነበር። ብረት ከድንጋይ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ትንሽ አረር የትልቅ ድንጋይ ሥራ ይሠራል። በቱቦው ግራና ቀኝ የወጡት ሁለት አጫጭር ክንዶችም ቱቦው ሠረገላው ላይ እንደተቀመጠ ከፍና ዝቅ እንዲል አስቻሉ። ረጃጅሞቹ ቀጭን ቅጥሮች ዘመናቸው አበቃና በምትካቸው ወፍራም፣ አጠር ያሉ፣ በአፈር የተሞሉ ባለ ማዕዘን ምሽጎች ተተከሉ።

ወደ ኢትዮጵያም ትልልቅ የጦር መሣሪያዎች በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ገብተዋል። በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋላውያንን ይዞ መጣ። በተከታዩ ዓመት ኢማም አሕመድ በየመን ካለችው ከዘቢድ የኦቶማን ሹም 900 ነፍጠኞችና 10 መድፎች አግኝቶ በወፍላ አሸነፈው። የኦቶማን ረዳቶች አብዛኞቹ ከተመለሱ በኋላ ግን በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ኢማሙ ተገደለ፣ ሠራዊቱም ተበተነ።

ጋፋትና መቅደላ

ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍን ከመግዛት ይልቅ እዚሁ አገር ማፍሰስን መረጡ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን የመሳሰሉ ከአውሮፓ የመጡ ባለ እጅ ሚሲዮናውያን ይሠሩላቸው ነበር። አብዛኞቹ ግንበኛ፣ አናጢ፣ ብረት ሠሪ እንጂ መድፍ አፍሳሽ አልነበሩም፤ የአፈሰሳ ልምድ የነበረው የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሃል ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፣ እንደገና ተሞከረ፣ በመጨረሻም ተሳካ። ከላይ የዘረዘርናቸውን የአፈሰሳ ችግሮች ላስተዋለ፣ ያለ ፋብሪካ በጭቃ ምድጃ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ማውጣት እጅግ ከባድ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ይህ ሥራ ከሚገባው በታች ተነግሮለታል።

ሴባስቶፖል በአይነቱ ሞርታር ነው፤ አጭር፣ አፉ ሰፊ፣ አረሩን ወደ ላይ ወርውሮ በምሽግ ውስጥ የሚጥል። በሜዳ የሚንቀሳቀስ ጦርን ለመምታት የተሠራ አይደለም። ዋናው ፈተናውም መንገዱ ነበር። ሠራዊቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። በመካከሉ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ። ስሌቱን እንይ። 7 ቶን በአሥር ሜትር አንድ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ፣ ከዳገቱ ብቻ 700 ኪሎ ወደ ኋላ ይስባል። ያልተነጠፈ መሬት ከዚህ የማያንስ ሰበቃ ይጨምራል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ የሚስበው ከ20 ኪሎ ብዙ አይበልጥም ብንል ሠረገላውን ሳንቆጥር 70 ሰው ያስፈልጋል፤ ዳገቱ ሲቆም፣ ጭቃ ሲሆን፣ ገመዱ ሲረዝምና ሰው እኩል መሳብ ሲያቅተው ቁጥሩ ወደ መቶዎች ይወጣል። ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት ይብሳል፤ ያው ኃይል በኋላ በኩል ገትሮ መያዝ አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋይ እያስፈለጡ መንገዱን ቀየሱ፤ ራሳቸውም እጃቸውን አስገብተው ይሠሩ ነበር። ይኸው መንገድ በኋላ ለእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጠቀመ።

ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ነው በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ የወረደው። ከባዶቹን የአርምስትሮንግ መድፎችና ሞርታሮች የተሸከሙት ከሕንድ የመጡ ዝሆኖች ነበሩ፤ ዝሆኖቹ በጠቅላላው 44 ናቸው። ባለ 7 ፓውንዱ የተራራ መድፍ ግን ቱቦው 100 ኪሎ እንኳ ስለማይሞላ በበቅሎ ይጫናል፤ የሚፈታ የሚገጣጠም ነበር። ከክብደቱ በላይ ለውጥ ያመጣው የቱቦው ውስጥ ነው። ጠመዝማዛ ቦይ ተቆርጦለታል፤ ሞላላው አረር በቦዩ እየተመራ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ክቡ አረር እንደሚያደርገው አይዋልልም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ የሚመሩት ጦር ሲወርድ የቴዎድሮስ መድፎች ከፋላ ኮረብታ ተኮሱ። ከትልልቆቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የሌሎቹ አረር በአብዛኛው ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፈ። ሁለቱም ከላይ በተባለው ይፈታሉ። ከከፍታ ወደ ታች መተኮስ የራሱ ልክ አለው፤ ለደልዳላ ሜዳ የሚሰጠውን ከፍታ የሰጠ ሰው አሻግሮ ይጥላል፣ መሬት የነካውም አይነጥርም። ብዙ ተኩስ ተኩሶ ይህን ልክ በእጁ ያወቀ የመድፈኛ ቡድን ደግሞ አልነበረም፤ መድፎቹ አዲሶች፣ ባሩዱም ውድ ነበር። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ ወገን ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20፣ ከነሱም በኋላ የሞቱት 2 ናቸው። ጉዳቱን ያደረሱት ከኋላ የሚጎርሱት የስናይደር ጠመንጃዎች፣ የተራራ መድፎቹና ሮኬቶቹ ናቸው። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

መቀሌና ዓድዋ

ከ28 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ መድፈኛ ሌላ ነበር። የዐፄ ምኒልክ ሆችኪስ መድፎች ከኋላ ይጎርሳሉ፤ ባሩዱና አረሩ በአንድ የብረት ቀለህ ታሽገው ይመጣሉ። ስለዚህ እርጥብ መጥረጊያ፣ ከረጢት መብሳት፣ ቀዳዳ በጣት መድፈን የሚባሉት ሥራዎች ሁሉ ቀሩ፤ ለአደጋ የሚያጋልጡትም እነሱ ነበሩ። የመድፈኛው አዛዥ በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ።

እንዲህም ሆኖ መድፉ ሁሉን አልቻለም። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የማጆር ጋሊያኖን ጦር የኢትዮጵያ መድፎች ደበደቡ፤ ምሽጉ ግን ለቀላል አረር የሚፈርስ አልነበረም። ጋሊያኖን ያስለቀቀው እቴጌ ጣይቱ ያቀዱት የውሃ ምንጩን የመያዝ ዘዴ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ኢጣሊያ 56 መድፎች አሰለፈ። ብርጌዶቹ በተራሮቹ መካከል ተራርቀው ስለገቡ አንዱ የሌላውን መድፍ እርዳታ ሳያገኝ ለየብቻ ተከበበ፤ መድፎቹም ሁሉ በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቁ።

በዚያን ጊዜ አብዛኛው የሜዳ መድፍ ገና በየተኩሱ ወደ ኋላ ይንደረደር ነበር። ይህን የፈታው የ1897ቱ የፈረንሳይ 75 ሚሊሜትር ነው። ቱቦው ብቻ በዘይትና በታመቀ አየር ላይ ተንሸራትቶ ወደ ኋላ ይሄድና ይመለሳል፣ ሠረገላው ከቦታው አይነቃነቅም። ማነጣጠሩ ሳይበላሽ በደቂቃ 15 ጊዜ መተኮስ ተቻለ። ከዚያ በኋላ መድፈኛው ከኮረብታ ጀርባ ተደብቆ፣ ዒላማውን ሳያይ፣ በካርታና በስልክ እየተመራ መተኮስ ጀመረ።

በየሙዚየሙና በየአደባባዩ አሮጌ መድፍ ሲያዩ

ከአፈሙዝ የሚጎርስ መድፍ ሲያገኙ ከኋላው በላይ በኩል ያለችውን የእሳት ቀዳዳ ይመልከቱ። በጣም ከሰፋች መድፉ ብዙ ተኩሷል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ተኩስ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ነሐሱን ይበላዋል። በብረት ሚስማር ከተደፈነች የሚሸሽ ሠራዊት ጠላት እንዳይጠቀምበት ሆን ብሎ አበላሽቶታል ማለት ነው። በሚስማሩ ላይ መዶሻ ለመምታት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ቀዳዳውን መልሶ ለመቦርቦር ግን ባለሙያና ሰዓታት ያስፈልጉ ነበር።

ብየዳ፣ መፍጫ ወይም እሳት ከማስጠጋት በፊት ግን ቱቦው ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቀላሉ መንገድ ዘንግ ከአፈሙዙ እስከሚቆም ማስገባትና ርዝመቱን ከውጭ በአፈሙዙና በእሳት ቀዳዳዋ መካከል ካለው ጋር ማመሳከር ነው። ዘንጉ ከዚያ አጥሮ ከቆመ በውስጥ የሆነ ነገር አለ። በ2013 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የነበረ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መድፍ ሲጸዳ አረሩንና 800 ግራም ያህል ባሩዱን እንደጎረሰ ተገኝቷል። አፈሙዙ የታሸገ ባሩድ ደርቆ ከቆየ ከመቶ ዓመት በላይም ኃይሉን ይይዛል። እንዲህ ያለ መድፍ ከተገኘ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ማንም በፊቱም በኋላውም አይቁም፣ ደረቁን ቱቦ ማንም በብረት አይቆፍር፤ ማውጣቱ የፈንጂ ባለሙያዎች ሥራ ነው።